ዝናብ የለም

ወይዘሮ ታንጉት ተሳስተው አያውቁም ይባላል። ተሳስተዋል። ዝናብ ይተነብዩ ነበርም ይባላል። አይተነብዩም ነበር። በሠላሳ ምናምን ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን ብቻ ተነበዩ፤ የተሳሳቱትም ያን ዕለት ነው። አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር አውቃለሁ።

መሞታቸውን ባለፈው ጥቅምት በስልክ ሰማሁ። ልጃቸው ነበረች የደወለችው። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ «እማዬ» የምትለዋን ቃል ብቻ አደረሰልኝ፤ የቀረውን ከድምፅዋ ተረዳሁት። ለሣልስቱ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ የሕይወት ታሪካቸውን ያነብ ጀመር። «የሰማይን ምስጢር የሚያውቁ፣ ቃላቸው መሬት ጠብ የማይል» አለ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው ቢኖሩ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ «እሱ ሰውዬ ይህን በስንት ሰዓት አይቶ ነው የጻፈው?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

የሥራ መጠሪያቸው «ተመልካች» ነው። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ መጠሪያ በመንግሥት ደመወዝተኛ ላይ ተለጥፎ አላየሁም። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሽቦ የታጠረች አንዲት ቁራጭ ሣር ነበረች፤ መካከሏ ላይ በእግር የቆመ ነጭ የእንጨት ሣጥን፣ የነፋስ አቅጣጫ አመልካች፣ የዝናብ መለኪያ። ወይዘሮ ታንጉት በየቀኑ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ በየሦስት ሰዓቱ ወደዚያች አጥር ገብተው ያዩትን ይጽፋሉ። ያ ብቻ ነው ሥራው። ጽሑፉ ወደ ከተማ ይላካል፤ እዚያ ትንበያ የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች አሉ።

በዚያ ዘመን በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ጥቂት መጽሐፍ አንብቤ ስለነበር ብዙ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ የኅዳር ጠዋት በአጥሩ ሳልፍ ሴትዮዋ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቆመው አየሁ።

«እትዬ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ምንም። እየቆጠርኩ ነው።»

«ምኑን?»

«ሰማዩን። ዝም በል፣ አምስት ላይ ደርሻለሁ።»

ሰማዩን እንደ ድፎ ዳቦ በስምንት ይከፍሉትና ስንቱ ቁራሽ በደመና እንደተሸፈነ ይቆጥራሉ። በዚያ ቀን ሰባት ብለው ጻፉ። ደመናው ዝቅ ያለ ነው፤ ሥሩ እንደ ተላገ ጣውላ ልሙጥ፣ ጥቅልል ጥቅልሉ ጎን ለጎን የተደረደረ፣ በየስንጥቁ ቀጭን ብርሃን የሚያፈስ። እኔም ዕውቀቴን ለማካፈል ቸኮልኩ።

«ትናንት በሬዲዮ ከፍተኛ የአየር ግፊት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አዎ፣ አለ።»

«ከፍተኛ ግፊት ካለ ሰማዩ ጥርት ማለት አለበት እኮ። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሰማዩን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። «እንግዲያው ጮክ ብለህ አንብብለት» አሉኝ። «አልሰማ ይሆናል።»

ወዳጅነታችን በዚህ ተጀመረ።

ከአጥሩ ማዶ የሚያርሰው ሰው ባይህ ይባላል። ከወይዘሮ ታንጉት ጋር አብረው ያደጉ፣ አንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ አንቺና አንተ የሚባባሉ ናቸው። ሁለቱን የሚሰማ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ያስተውላል። ሲቀላለዱ በአገውኛ ነው፤ ሲጣሉ ወደ አማርኛ ይገባሉ። በእነሱ ዕድሜ አማርኛ የመዝገብና የማኅተም ቋንቋ ሆኖ ስለኖረ ሰው በቁም ነገር ሲናገር ይለብሰዋል፤ እንደ ክት ኮት። እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ስለሆነ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ሬዲዮው «ከፍተኛ ግፊት» ባለ ቁጥር ባይህ ከማዶ ይጣራል። ወሬው በአገውኛ ነው፤ «ግፊት» የምትለዋ ብቻ በአማርኛ ጣልቃ ትገባለች። ለእሱ ግፊት ማለት ጤና ጣቢያ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚለካው ነው።

«ታንጉት፣ ሰማዩ ግፊት ይዞታል አሉ። ጨው ይቀንስ እንጂ።»

«ነግሬዋለሁ።»

«ክኒኑንስ ሰጠሽው?»

«ለአንተ የታዘዘልህን መቼ ዋጥህና።»

ስለዚያ ደመና ግን ጥያቄዬ አልለቀቀኝም። ግፊቱ ሰማዩን ማጥራት ካለበት ያ ሁሉ ንጣፍ ከየት መጣ? አንድ ጠዋት ወይዘሮ ታንጉት ከጣቢያው በላይ ወዳለች ጉብታ ወሰዱኝ። አገራችን ከሰል ያከስላል፤ ዲከረንስ የሚሉት ግራር በየማሳው ቆሟል፤ ይቆረጥና ተከምሮ በአፈር ታፍኖ ይጨሳል። ከጉብታዋ ላይ ሆነን ከሃያ የሚበልጥ ጭስ ቆጠርን። ሁሉም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁሉም አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ ጣሪያ እንደነካ ሰው ጎንበስ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል።

«ማን ነው ያቆመው?» አሉኝ።

«ነፋስ።»

«ሽቅብ እስኪወጣ ያልነካው ነፋስ?»

እሳቸው መዳፋቸውን ወደ ታች ዘርግተው አየሩን በቀስታ ተጫኑት። ስለዚያ ደመና ባወሩ ቁጥር እጃቸው እንደዚያ ያደርጋል፤ ልጃቸውም እንጀራ ስታቀርብ ሳይታወቃት እንዲሁ የምታደርግ ይመስለኛል።

«ክዳን አለ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግፊቱ ከፍ ባለ ጊዜ የላዩ አየር በቀስታ ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ ይጠቀጠቃል፤ ሲጠቀጠቅ ይሞቃል። ይህን አላመንኩም፤ እሳት ሳይነካው አየር ለምን ይሞቃል? መልሱን ያገኘሁት ዳንግላ ገበያ ዳር ነው። አንድ ባለጋሪ የጋሪውን ጎማ ሲነፋ ወይዘሮ ታንጉት ክንዴን ይዘው አስጠጉኝና «መንፊያውን ከታች ጨብጠው» አሉኝ። ጨበጥኩት፤ አቃጠለኝና ለቀቅኩት። ባለጋሪው ሳቀብኝ። «መምህር፣ እርስዎ ጎማ ነፍተው አያውቁም?» አለ።

እንግዲህ ከላይ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ተዘርግቷል። ከታች ክረምቱን የጠጣ መሬት፣ ያልደረቀ ረግረግ፣ ጤዛ አለ። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስትነካው እርጥብ አየር ይነሣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። በሌላ ቀን ቢሆን ሽቅብ እየተገነባ ተራራ አክሎ ነጎድጓድ በሆነ ነበር። አሁን ግን ክዳኑን ይነካል። ከላዩ ያለው አየር ከእሱ ይሞቃል፣ ከእሱ ይቀላል፤ እሱ ቀዝቃዛና ከባድ ስለሆነ አልፎት መውጣት አይችልም። ወደ ላይ መንገድ ሲያጣ ወደ ጎን ይነጠፋል። ይህ ነው ያ ልሙጥ ደመና። አንዴ ከተነጠፈም በዋዛ አይጠፋም፤ ጀርባው ሙቀቱን ለክፍት ሰማይ እየሰጠ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘው ይሰምጣል፣ የታችኛው ይነሣል፤ ደመናው ራሱን በራሱ ያማስላል።

ስለዚህ መጽሐፌ ግማሹን ነበር የነገረኝ። ከፍተኛ ግፊት ሰማዩን አያጠራም፤ ይከድነዋል። ከክዳኑ ሥር እርጥበት ከሌለ ጥርት ብሎ ታያለህ። ካለ ግን ለቀናት ግራጫ ሥር ትኖራለህ፤ ሬዲዮውም «የተረጋጋ አየር» ይልሃል። የተረጋጋ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሴትዮ የነገውን ሲጠየቁ አይናገሩም ነበር። ገበሬው አጥሩን ተደግፎ «ምን ይመስልዎታል?» ሲል መልሳቸው አንድ ነው። «እኔ ተመልካች ነኝ። ነገን ገና አላየሁትም።» ሰው ይህን ኩራት ይለው ነበር። እኔ የማከብረው ልማድ ነበር፤ እስከ አንድ ሌላ ኅዳር ድረስ።

በዚያ ኅዳር ባይህ ለልጁ ሠርግ ብሎ የዘራውን ነጭ ጤፍ አጭዶ ማሳው ላይ አነጠፈ። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ጤፉ ገና አልደረቀም። ከዚያ ሰማዩ ተከደነ። ስምንት ከስምንት። ባይህ ሁለት መንገድ ነበረው። ሰብስቦ ቢከምረው ያልደረቀው አገዳ ውስጥ ለውስጥ ሞቆ ይሻግታል። ማሳው ላይ ቢተወውና ቢርስ ደግሞ ይጠቁራል። ሁለቱም መንገድ ሠርገኛ ፊት የሚያስገባው በጥቁር እንጀራ ነው፤ ነጭ ጤፍ እንደዘራ አገር እያወቀ።

አጥሩ ጋ መጣ። እኔ መዝገቡን ይዤላቸው ቆሜ ነበር። በአገውኛ ጠየቃቸው፤ «ብተወው ይረጥብብኛል?»

«ባይህ፣ የእኔን ሥራ ታውቃለህ።»

«ሥራሽን አልጠየቅኩሽም። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው መልሺልኝ። ልጄን ነው የምድረው።»

ወይዘሮ ታንጉት ሰማዩን አዩ። ይህን ደመና ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥሩ ቆመው መለኪያቸውን ከፍተዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርጭቆው ባዶ ነበር። መዳፋቸውን ወደ ታች ዘረጉ። ከዚያ በአማርኛ፣ በክት አማርኛ፣ «ዝናብ የለም» አሉት። «ተወው፣ ይድረቅ።»

ባይህ ተወው።

በማግስቱ ሲነጋ ካፊያ ነበር። ካፊያ ማለትም ይበዛበታል፤ ቅንድብ ላይ የሚቀመጥ፣ ድምፅ የሌለው፣ ልብስን ሳያስታውቅ የሚያከብድ ነገር። በሦስት ሰዓት ወይዘሮ ታንጉት መለኪያውን ወደ ብርጭቆው ገለበጡ። ከታች ረጠብ አለ እንጂ የመጀመሪያዋን መስመር አልደረሰም። ለእንዲህ ያለው በመዝገቡ ላይ አንዲት ፊደል አለች፤ ትርጉሟ «ወርዷል፣ ግን አይለካም» ነው። በወሩ ድምር ላይ እንደ ዜሮ ትታሰባለች። በሁለተኛውም ቀን ያችን ፊደል ጻፉ። በሦስተኛውም። በመካከሉ አንዲት ሰዓት እንኳ ፀሐይ አልወጣችም፤ ክዳኑ አልተነሣማ። በስድስተኛው ቀን ሰማዩ ለማፌዝ ይመስል ወለል ብሎ ጠራ።

ባይህ ጤፉን ገልብጦ አየውና ጭብጥ አገዳ ይዞ መጣ። መሬት የነካው ጎንቁሏል፤ የቀረው ጠቁሯል። ሰላምታ የለም። በአማርኛ ነው የጀመረው።

«ዝናብ የለም ብለሽኝ ነበር።»

«አልዘነበም» አሉ።

«አልዘነበም?»

«ና እይ፣ ና።» መዝገቡን ከእጄ ነጥቀው ገለጡት። «ይኸው። ይኸው። ይኸው። አንዱም አልተለካም።»

ባይህ መዝገቡን አላየም። የያዘውን እርጥብ ጤፍ ገጹ ላይ አስቀመጠው። «እሱን ጻፊው» አለና ሄደ።

ቀለሙ ሥሩ ፈሰሰ። እኔ ጤፉን ላነሣ እጄን ስሰድ ከለከሉኝ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«በአገውኛ ነው የጠየቀኝ አይደል?»

«አዎ።»

«ምን ብሎ?»

«ይረጥብብኛል ወይ ብሎ።»

«እኔ በምን መለስኩ?»

«በአማርኛ።»

«ምን ብዬ?»

«ዝናብ የለም ብለው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ ጤፉ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ብርጭቆዬ መለስኩለት።»

ላጽናናቸው ፈለግኩ። ሙያው የሚለውን ነው ያሉት፣ የማይለካ ነገር ዝናብ አይባልም፣ መጽሐፉም እንዲያ ይላል አልኳቸው። «ሠርገኛውን ብርጭቆ አያበላም» አሉኝ። መጽሐፍ እንደገና ሲጠራባቸው ያንን ያህል ፊታቸው ሲከፋ አይቼ አላውቅም።

ጥር ደረሰ። ዳሱ ተጣለ። ወይዘሮ ታንጉት የራሳቸውን ጤፍ ወደ ባይህ ቤት አስጭነው ልከው ነበር፤ ባይህ መለሰው። በሠርጉ ቀን እንጀራው ቀረበ፤ እንደ ፈራነው ጠይም፣ ሽታውም ትንሽ የከረመ። እንግዳው ጨዋ ነው፤ ይቆርሳል፣ አይናገርም። ግን አይን ለአይን ይተያያል። ያንን መተያየት የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም።

ወይዘሮ ታንጉት ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። በአገውኛ ነው የተናገሩት። «የዚህ እንጀራ መልክ ከባይህ ቤት አልመጣም። ባይህ ነጭ ነው የዘራው። ዝናብ የለም ብዬ ማሳው ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ሰው ማማት የፈለገ እኔን ይማ፤ ቤቴንም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ።»

ባይህ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከወዲያ በኩል ቆሟል። ከዚያ ጤፍ ወዲህ አላናገራቸውም ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

«ተቀመጪ ታንጉት» አለ፤ አሁንም በአማርኛ። «ዝናብ የለም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሙሽራዋ ናት። ከዚያ ዳሱ በሙሉ። ወይዘሮ ታንጉት ተቀመጡ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ነበርና ይሳቁ ያልቅሱ አላየሁም። ባይህ ግን የሚቀጥለውን ጠላ ለእሳቸው ነው የቀዳው። ከዚያ ወዲህ በእኛ መንደር ሰው ጭቃ ላይ ሲንሸራተት፣ ባጃጅ ረግረግ ውስጥ ስትሰጥም፣ ተማሪ ፈተና ሲወድቅ «ዝናብ የለም» ይባላል።

የሠርጉ ማግስት ጣቢያው አጥር ላይ አንድ ነዶ ጤፍ ታስሮ አገኘሁ። ወይዘሮ ታንጉት በሦስት ሰዓት እንደ ወትሮው ብርጭቆውን አዩ፣ ጻፉ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደው ነዶውን በእጃቸው ጨበጡት፤ አይናቸውን ጨፍነው። በመዝገቡ ሕዳግ ላይ አንዲት ቃል ጻፉ፤ በአገውኛ። ሦስት ቃል ብቻ ነበራቸው፤ ደረቅ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ።

ከከተማ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ነዶ ነው።»

«ይህ መሣሪያ አይደለም እኮ፣ እናቴ።»

«ላንተ አይደለም። ለባይህ ነው።»

ሕዳግ ላይ መጻፍ ክልክል መሆኑን ነገራቸው። እሺ አሉና የራሳቸውን ደብተር ገዙ። ነዶው በየዓመቱ ይቀየራል፤ የሚያመጣው ባይህ ነው። ገበሬ አጥሩን ተደግፎ ሲጠይቃቸው አሁንም አይተነብዩም። «ትናንት ለስላሳ ነበር፣ ዛሬ እርጥብ ነው። ጤፉ ያንተ ነው» ይላሉ። ሰውዬው ደመናውን ያያል፣ ነዶውን ጨብጦ ይሞክራል፣ ወስኖ ይሄዳል። ትንቢተኛ ያሰኛቸው ይህ ነው እንግዲህ፤ የተነካ ነገር መናገር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ነዶውን ወደ ቤታቸው አጥር አዛውረውት ነበር። በጣቢያው በእሳቸው ቦታ ልኬቱን በኔትዎርክ የሚልክ መሣሪያ ተተክሏል። የራሳቸው ደም ግፊት ከፍ ብሎ ነበርና «አሁን እኔም ተከድኛለሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ደብተሩን ዘርግተው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ አንተ ታነባለህ። ክዳኑ ያው፣ ደመናው ያው፣ ስምንት ከስምንት። አንዱን ሳምንት ነዶው ይረጥባል፣ አንዱን ሳምንት ደረቅ ነው። ለምን?»

ባሕር ዳር ተመልሼ ፈለግኩ። ክዳኑ ከፍ ባለ ቁጥር ደመናው ይወፍራል፣ ጠብታው እየተጋጨ ይከብድና ይወርዳል የሚል አገኘሁ። ሌላም አገኘሁ፤ ጭስ ሲበዛ እርጥበቱ ለብዙ ቅንጣት ስለሚከፋፈል ጠብታው ያንሳል፣ ስለዚህ አይወርድም የሚል። የከሰላችን ጭስ ካፊያውን ይዞት ይሆን? ደውዬ ነገርኳቸው።

«ይላሉ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይላሉ።»

«በእኛ አገር ማን አየ?»

ማንም አላየም። በማግስቱ ከነዶው ጎን የጭስ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። ደብተሩን ልጃቸው ሰጥታኝ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የጭሱ ዓምድ ሁለት ኅዳር እንኳ አልሞላም፤ ከዚህ ተነሥቶ አዎ ወይም አይደለም የሚል ሰው ካለ ውሸታም ነው። ባይህ ዘንድሮም አጭዷል። ዘንድሮም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ የሚመልስለት ግን የለም። መሣሪያው የዝናቡን መጠን በየሩብ ሰዓቱ ይልካል፤ ጤፍ ግን የለውም።

እናንተ አላችሁ። ስለዚህ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ይህን የምታነቡ ሁሉ፤ ሰማዩ በተከደነ ጠዋት በሦስት ሰዓት ውጡ፣ ጭሱን ቁጠሩ፣ ነዶ ጨብጡ፣ የጨበጣችሁትን ጽፋችሁ ላኩልኝ። አስተያየታችሁን ለራሳችሁ ያዙት። እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?